ዳገት ላይ የሚጠፋ መኪና፦ የነዳጅ ግፊትን ደረጃ በደረጃ መመርመር

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ መኪናው አልጎትት ይላል። ነዳጅ ስትረግጡ ይንገጫገጫል። ጥቂት ይታገልና ይጠፋል። ጥግ ይዛችሁ ትንሽ ስታሳርፉት ደግሞ ይነሳል። ደሴ ገብቶ ሲቆም ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞረው ዙር) ልክ ነው፣ ድምፁም ጤነኛ ነው። ጋራዥ ስትወስዱት «የነዳጅ ፓምፑ ነው» ትባላላችሁ። ፓምፕ ተገዝቶ ይገባል። በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ ይደገማል።

ፓምፑ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን የተዘጋ ፊልትሮ፣ የተቃጠለ ሶኬት፣ የደከመ ሪሌ (ለፓምፑ መብራት የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ)፣ ውሃ የገባበት ቤንዚን፣ መተንፈሻው የተዘጋ ታንክ፣ ሁሉም ልክ እንደዚሁ ያደርጋሉ። አብዛኞቹ ደግሞ ከፓምፕ ዋጋ በጣም ባነሰ ይስተካከላሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለውን መኪና አክመን መያዝ ግድ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ፓምፕ በጥርጣሬ አይቀየር። ግፊቱ ይለካ። የሚለካውም ችግሩ ራሱን በሚያሳይበት ሁኔታ ይሁን።

ይህ ለወሎ ሰው የበለጠ ይሠራል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2500 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ባቲ ደግሞ ወደ 1500 ሜትር ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቷም ሌላ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ውሎ፣ ጭኖ፣ ማታ ደሴ የሚገባ መኪና በአንድ ቀን ሙቀትም፣ ጭነትም፣ ረጅም ዳገትም ያያል። የነዳጅ መስመሩ ድክመት ካለበት እዚያ ላይ ይወጣል እንጂ ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ አይወጣም።

የትኛው መኪና?

መመሪያው ኢንጀክሽን ላላቸው የቤንዚን መኪናዎች ነው፦ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ እና መሰሎቻቸው። ካርቡሬተር ያላቸውን እነ ዲኤክስ ኮሮላን በኋላ በአጭሩ አነሳቸዋለሁ።

የናፍጣ መኪና ከሆነ፣ በተለይ ኮመን ሬል (ለሁሉም ኢንጀክተር የሚያከፋፍል የከፍተኛ ግፊት ቧንቧ) ያለው ሃይሉክስ ወይም ሚኒባስ፣ የከፍተኛ ግፊት ቱቦውን እንዳትነኩ። ግፊቱ ከ1000 ባር በላይ ይወጣል። በዓይን የማትታይ ቀጭን ፍንጣቂ ቆዳ በስታ ትገባለች። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ይመስላል፤ ግን ወዲያውኑ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ፣ ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ የሚችል ጉዳት ነው። ቤንዚን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮችም በጣም ከፍተኛ ግፊት የሚይዝ መስመር አላቸው። እነዚህን ለባለሙያ ተዉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሥራው ከቤንዚን ጋር ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይበንም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ራቅ ብሎ ይሄዳል። እኛ ግቢ ውስጥ ደግሞ ቡና ይፈላል። ከሰል የተቀጣጠለበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ግቢ ውስጥ የነዳጅ ቱቦ አይፈታም። ወይ ቡናው ይጠናቀቅና እሳቱ ይጥፋ፣ ወይ መኪናው ወደ ገላጣ ቦታ ይውጣ። ሲጋራ የለም። እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። የቤንዚን እሳት ላይ ውሃ አይደፋም፤ እሳቱን ያሰፋዋል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። መነጽርና ጓንት አድርጉ።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። እስከ 100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚያነብ የነዳጅ ግፊት ጌጅ ከነማገናኛዎቹ፣ መልቲሜትር፣ መፍቻና ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጭ ጠርሙስ። ጌጅ የላችሁም? አብሽሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች ያለ ጌጅ የሚሠሩ ናቸው። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ይገኛል።

ደረጃ 1፦ አጠፋፉን ማጥናት

መኪና ሲጠፋ ሁለት ዓይነት አጠፋፍ አለው። የነዳጅ እጥረት ከሆነ ቀስ ብሎ ይሞታል። መጀመሪያ ጉልበት ያጣል፣ ይንገጫገጫል፣ ፔዳሉን ለቀቅ ስታደርጉለት ትንሽ ይሻለዋል፣ ስትረግጡት ይብስበታል፣ ከዚያ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ችግር ከሆነ፣ ለምሳሌ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር የሚያነብ) ወይም የኢግኒሽን መስመር፣ ቁልፍ እንደተዘጋበት ሁሉ በአንዴ ቀጥ ይላል። መኪናው እየተንከባለለ ሳለ የሞተር ዙር ቆጣሪው መርፌ ወዲያው ዜሮ ላይ ከወደቀ ጥርጣሬያችሁን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሩ።

ይህ ሕግ ሁልጊዜ አይሠራም። የፓምፕ ሪሌ በድንገት ሲለቅ ሞተሩ ቶሎ ይጠፋል። ግን ያን ጊዜም ቢሆን መስመሩ ውስጥ የቀረው ነዳጅ እስኪያልቅ ትንሽ መንተባተብ ይኖረዋል።

ሲጠፋ የነበረውን ሁኔታ በወረቀት ያዙ። ሞተሩ ሞቆ ነበር? ታንኩ ስንት ነበር? ዳገት ነበር ወይስ ሜዳ? ነዳጅ የተቀዳው የት ነው? ካሳረፋችሁት በኋላ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ተነሳ? ለመካኒክ ከምትሰጡት ገንዘብ እኩል ይህች ወረቀት ትጠቅመዋለች።

እግረ መንገዴን፦ ደሴ ላይ መኪና ደክሞ መሄዱ በራሱ በሽታ አይደለም። በ2500 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ይህ የሁሉም መኪና ነው። መንገጫገጭና መጥፋት ግን የከፍታ ጸባይ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ገንዘብ የማይጠይቁ ፍተሻዎች

ነዳጁን አስቀድሙ። ከሩብ በታች ይዞ ረጅም ዳገት ሲወጣ ነዳጁ ታንኩ ውስጥ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ፓምፑ አየር ይስባል። ነዳጅ ጠቋሚው ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ሞልታችሁ ያንኑ ዳገት ውጡ። ችግሩ ከጠፋ ብዙ ወጪ አዳናችሁ። በተጨማሪም ታንክ ውስጥ ያለ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ነው፤ ሁልጊዜ ቢጫ መብራት ላይ የሚነዳ ሰው ፓምፑን ያለ ዕድሜው ይጨርሰዋል።

ቀጥሎ ክዳኑ። ታንኩ ነዳጅ ሲቀንስ በቦታው አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው ከተዘጋ ታንኩ ውስጥ ቫኪዩም ይፈጠርና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። መኪናው ሲጠፋባችሁ ወዲያው የታንኩን ክዳን ክፈቱ። ወደ ውስጥ አየር የመሳብ ረዘም ያለ «ፍስስስ» ከሰማችሁና መኪናው ወዲያው ከተነሳ፣ ችግሩ ክዳኑ ወይም የመተንፈሻ መስመሩ ነው። ትንሽ ድምፅ ጤነኛ መኪናም ላይ አለ። በተለይ ከቆላ ወደ ደጋ ስትወጡ አየር ወደ ውጭ ቢተነፍስ አትደንግጡ፤ የውጭው የአየር ግፊት ስለቀነሰ ነው።

ከዚያ የቤንዚኑ ጥራት። ማደያ ነዳጅ ሲያጣ በጀሪካን የተቀዳ እንገዛለን። ጀሪካኑ ትናንት ምን እንደያዘ ማን ያውቃል? ናሙና ቅዱና በነጭ የመስተዋት ጠርሙስ አድርጋችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳትነኩት አቁሙት። ከዚያ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ሥሩን እዩ። ቤንዚን ከውሃ ይቀልላል። ውሃ ካለ ከታች ይተኛል፤ በሁለቱ መካከል ጥርት ያለች መስመር ትታያለች። ጠርሙሱን ቀስ ብላችሁ ስታዘነብሉት ከሥር ያለው ተሰብስቦ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ቡናማ ደቃቅ አሸዋ ወይም ዝገትም እዚያው ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ግፊት መለካቱን አቁሙ፤ ታንኩ ወርዶ ይታጠብ፣ ፊልትሮው ይቀየር። በጀሪካን መቅዳት ግድ ሲሆን በጨርቅ ማጥለል ብቻውን አይበቃም። ጀሪካኑን አሳርፋችሁ ከላይ ቅዱ፤ የመጨረሻውን ዝቃጭ መኪና ውስጥ አታስገቡ።

የአየር ፊልትሮውንም በዚሁ እዩት። በአቧራ የተሞላ ፊልትሮ ያለው መኪና ዳገት ላይ ሲታነቅ የነዳጅ ችግር ይመስላል።

ደረጃ 3፦ ፓምፑን ማዳመጥና መብራቱን መከተል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ቁልፍ ስከፍት ፓምፑ አይጮህም፣ ስለዚህ ሞቷል» ይላል። ብዙ መኪናዎች ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑን ለሁለት ሰከንድ ያህል ያሠራሉ። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ግን አያሠሩም፤ ፓምፑ የሚነሳው ሞተሪኖው ሲዞር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሞተሪኖ ይምታ፣ ሌላው የኋላ ወንበሩ ሥር ወይም የታንኩ አፍ ላይ ጆሮውን ያድርግ። ልስልስ ያለ ጩኸት መሰማት አለበት። ሻካራ፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ የሚያቃስት ድምፅ ያለቀ ፓምፕ ወይም ታንክ ውስጥ ፓምፑ አፍ ላይ ያለው ወንፊት የመዘጋቱ ምልክት ነው።

ድምፅ ከሌለ ፊውዙን እዩ። ቀጥሎ ሪሌው። ሳጥኑ ውስጥ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሌላ ሪሌ ካለ፣ ለምሳሌ የጡሩንባው፣ ቦታ አቀያይሩና ሞክሩ። መኪናው ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ እንደጠፋ ወዲያው ሪሌውን በእጃችሁ ንኩት። ከጎረቤቶቹ ይበልጥ የሚያቃጥል ወይም እግሩ የጠቆረ ሪሌ ይቀየራል።

ፓምፑ ጋ የሚደርሰውን ቮልቴጅ መለካት ደግሞ እጅግ የምወደው ፍተሻ ነው፤ ቀላል ነው፣ ብዙ ፓምፕ ያድናል። በብዙ ቪትዝና ኮሮላ ላይ የኋላው ወንበር ሲነሳ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ክዳን አለ፤ ከሥሩ የፓምፑ ሶኬት ይገኛል። ሶኬቱን ሳትነቅሉ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መልቲሜትሩን ከኋላ በኩል በሁለቱ የፓምፕ ሽቦዎች ላይ ግጠሙ። ከዚያ የባትሪውን ቮልቴጅ ለኩ። ሞተር ሲሠራ ባትሪው ላይ 14 ገደማ ይኖራል። ፓምፑ ጋ ከዚያ ከ1 ቮልት በላይ ከጎደለ መንገድ ላይ የሚበላው ነገር አለ። የፓምፑን ፍጥነት ሆን ብሎ የሚቀንስ ሬዚስተር ወይም መቆጣጠሪያ ያላቸው መኪናዎች ስላሉ ሞተሩን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት።

የሚበላው ነገር ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ራሱ ነው። ነቅላችሁ በባትሪ መብራት ውስጡን እዩ። ጤነኛ ሶኬት ነጭ ወይም ግራጫ ፕላስቲክ፣ የሚያበራ ብረት ነው። የታመመው አንዷ ፒን ዙሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ፒኗ ጠመም ትላለች፤ የተቃጠለ ሽታ አለው። እንዲህ ባለ ሶኬት ላይ አዲስ ፓምፕ ሲሰካ ደጋግሜ አይቻለሁ። አዲሱም ፓምፕ ያው ደካማ መብራት ይደርሰዋል፣ ያው ዳገት ላይ ይጠፋል። የኔጋቲቩ ሽቦ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበትንም ፈታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። የባትሪውን ፖሎችም እንዲሁ።

ደረጃ 4፦ ጌጁን መግጠም

መጀመሪያ መስመሩ ውስጥ የታመቀውን ግፊት አውጡ። ሞተሩን አስነሱ፣ የፓምፑን ፊውዝ ወይም ሪሌ ንቀሉ፣ ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይጠፋል። አንድ ሁለቴ ሞተሪኖ ምቱ። ቁልፉን ዝጉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ ዝጉ።

አንዳንድ መኪና ኢንጀክተሮቹ በተሰኩበት ቧንቧ ላይ የጎማ ንፋስ መሙያ የመሰለ ቫልቭ አለው፤ ጌጁ እዚያ ይታሰራል። ብዙ የጃፓን መኪናዎች ይህ የላቸውም። ለእነሱ ከታንክ የሚመጣው ቱቦ ከቧንቧው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ይገባል። መገጣጠሚያውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁ፤ ትንሽ ነዳጅ መውጣቱ አይቀርም። የፕላስቲክ መቆለፊያዎቹ ስለሚደርቁ በካቻቢቴ አትፈልቅቋቸው፤ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ጠምዘዝ፣ ከዚያ ሳብ።

ጌጁ ከገባ በኋላ ማጥበቂያዎቹን አጥብቁ። የፓምፑን ፊውዝ ወይም ሪሌ መልሱ። ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩ። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ፓምፑን አሠርታችሁ ፍሳሽ እዩ። በቆዩ ቶዮታዎች ኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ «ኤፍ ፒ» እና «ፕላስ ቢ» የሚሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፉን ስትከፍቱ ፓምፑ ይሠራል። ጠብታ እንኳ ካያችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ነው ሞተር የሚነሳው።

ደረጃ 5፦ ቆሞ መለካት

ትክክለኛው ቁጥር የመኪናችሁ መመሪያ ላይ ያለው ነው። ለመነሻ ያህል፦ እንደ ቪትዝ 1300 እና 1500 ያሉ፣ ነዳጅ ወደ ታንክ የሚመልስ ቱቦ የሌላቸው የቶዮታ ሞተሮች ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ ያሳያሉ። ይህም ከ3 እስከ 3.4 ባር ገደማ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከ5 ደቂቃ በኋላም ቢያንስ 21 ፒኤስአይ መቆየት አለበት።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ፣ መመለሻ ቱቦ ያላቸው ኮሮላዎች ሌላ ናቸው። ሬጉሌተራቸው (ግፊቱን የሚመጥነው ዕቃ) ሞተሩ ላይ ነው፣ ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ገብቶበታል። ቱቦውን ስትነቅሉ ከ38 እስከ 44 ፒኤስአይ ይሆናል፣ ስትመልሱት ዝቅ ይላል። ደሴ ላይ ይህን የምትለኩ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። አየሩ ሳስቶ ስለሆነ የሞተሩ ቫኪዩም ከባሕር ጠለል ያነሰ ነው። ስለዚህ ቱቦው ሲነቀልና ሲሰካ የሚታየው ልዩነት መጽሐፉ ከሚለው ያንሳል። ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። ቱቦው ተነቅሎ ያለው ቁጥር ግን ልክ መሆን አለበት። ቱቦው ውስጥ ቤንዚን ከሸተተ ወይም ካረጠበ ግን ሬጉሌተሩ ተቀዷል፣ ያለቀለት ነው።

ግፊቱ ከልክ በላይ ከሆነ፣ ሞተሩም ጥቁር ካጨሰና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ የታጠፈ መመለሻ ቱቦ ወይም የተጣበቀ ሬጉሌተር ፈልጉ። ይህ ብዙ አያጋጥምም።

መርፌውን ትኩር ብላችሁ እዩት። ልክ የሆነ መርፌ ይቆማል። ሁለት ሦስት ፒኤስአይ እየዘለለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው፣ ወይም ወንፊቱ ተዘግቷል። አሁን ነዳጁን ድንገት ረግጣችሁ ልቀቁ። መርፌው ከቦታው ሊነቃነቅ ይችላል፣ ግን ወርዶ መቅረት የለበትም።

ደረጃ 6፦ ዳገት ላይ መለካት

ቆሞ ልክ የሆነ ግፊት መኪናውን ነጻ አያወጣውም። ሚኒሞ ላይ ሞተር የሚጠጣው ነዳጅ እዚህ ግባ አይባልም። የቧንቧ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ስትይዙት ግፊት አለው፣ የሚወጣው ውሃ ግን ትንሽ ነው። ግማሽ የተዘጋ ፊልትሮም እንደዚያው ነው፤ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ እስኪጠይቅ ድረስ ጌጁ ላይ ሙሉ ቁጥር ያሳያል።

ስለዚህ ጌጁ ይዞ መሄድ አለበት። ጌጁን ከኮፈኑ አውጥታችሁ በፊት መስተዋቱ ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ በዝናብ መጥረጊያው ሥር አስሩት። መኪናው ውስጥ እንዳታስገቡት። ቱቦው ቢፈነዳ ቤንዚን ተሳፋሪ ላይ ይረጫል። ቱቦው ከቺንጊያው፣ ከማራገቢያውና ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ኮፈኑ በሁለተኛው መያዣም ይታሰር። ሁለት ሰው ትሆናላችሁ፤ ሾፌሩ መንገዱን ብቻ ያያል፣ ሌላው ቁጥሩን ያነባል። ሐረጎ ላይ ከባድ ተሽከርካሪ ይበዛል፣ ኩርባውም ዕይታ ይጋርዳል። ጧት፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ ሂዱ። መንገዱን ሳትዘጉ መቆም የምትችሉባቸውን ሰፋፊ ቦታዎች አስቀድማችሁ እወቁ። ከደሴ በሰሜን በኩል ያላችሁ ከወልድያ ወደ ድልብ የሚወጣውን ዳገት መጠቀም ትችላላችሁ።

በሦስተኛ ማርሽ፣ ፔዳሉን አብዛኛውን ረግጣችሁ፣ ለጥቂት ጊዜ ውጡ። ግፊቱ ከ5 ፒኤስአይ በላይ እየወረደ ከሄደና መኪናው መንገጫገጭ ከጀመረ ነዳጅ አጥሮታል። ቁጥሩ ሳይነቃነቅ መኪናው ከጠፋ ደግሞ ነዳጁን ተዉት፤ ክራንክ ሴንሰር፣ ኮይል፣ ካንዴላ፣ የቆሸሸ ትሮትል ቦዲ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋ) ወይም የሚኒሞ መቆጣጠሪያ ፈልጉ። ይህች አንዷ ጉዞ ብዙ ክርክር ትዘጋለች።

ጌጅ አስሮ መሄድ ለከበዳችሁ ሌላ መንገድ አለ። ስልክ ላይ የሚያነብ ትንሽ የኮምፒውተር አንባቢ ካላችሁ የነዳጅ ማስተካከያውን ቁጥር (ኮምፒውተሩ ስንት በመቶ ነዳጅ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚያሳየውን) ዳገት ላይ ተመልከቱ። ሚኒሞ ላይ ለዜሮ ቀርቦ ዳገት ላይ ከ+10 በላይ እየወጣ ከሄደ፣ ኮምፒውተሩ ያጠረውን ነዳጅ ለመሙላት እየታገለ ነው። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ ሞተሩ ሲፈጥን ከቀነሰ የተቀደደ የቫኪዩም ቱቦ አለ፤ ፓምፑ ንጹሕ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ መኪናዎች ከርካሽ አንባቢ ጋር አይግባቡም። ያን ጊዜ ጌጁ ነው አማራጩ።

ደረጃ 7፦ ግፊቱ ከወረደ ጥፋተኛው ማን ነው?

ቮልቴጁ ልክ መሆኑን በደረጃ 3 አረጋግጣችኋል። አሁን የቀሩት ፊልትሮው፣ ታንክ ውስጥ ያለው ወንፊት፣ ሬጉሌተሩ እና ፓምፑ ናቸው።

ፊልትሮው ከታንክ ውጭ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ርካሽ ነው። አሮጌውን ፈትታችሁ በመግቢያው በኩል ያለውን ነዳጅ ነጭ ጨርቅ ላይ ገልብጡ። የሚወጣው ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ የታንኩን ሁኔታ ነገራችሁ።

ቀጥሎ መጠኑን ለኩ። ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ ለነዳጅ ወደሚሆን ዕቃ አስገብታችሁ ፓምፑን ለ30 ሰከንድ አሠሩ። ዕቃው ከባትሪና ከእሳት ይራቅ፣ መሬት ላይ ይቀመጥ። ለትናንሽ መኪናዎች ግማሽ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መምጣት አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ፣ ቮልቴጁም ልክ ከሆነ፣ ውጭ ያለው ፊልትሮም አዲስ ከሆነ፣ አሁን ታንኩ ይከፈት።

መመለሻ ቱቦ ያለው መኪና ከሆነ አንድ አቋራጭ አለ። የጎማውን መመለሻ ቱቦ ለቅጽበት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጉ። ግፊቱ ወዲያው ወደ ላይ ከተተኮሰ ፓምፑ ጉልበት አለው፤ የሚያፈሰው ሬጉሌተሩ ነው። ካልጨመረ ፓምፑ ወይም ወንፊቱ ነው። ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ አትያዙ፣ የፕላስቲክ ቱቦም አትቆንጥጡ፤ ይሰበራል።

ጠዋት ጠዋት ብዙ ሞተሪኖ የሚያስመታ መኪና ደግሞ ግፊቱን ሌሊት እያጣ ነው። ሲጠፋ መርፌው ቶሎ ከወረደ የፓምፑ መልስ ከልካይ ቫልቭ፣ ሬጉሌተሩ ወይም የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር አለ። ይህ ማስነሳት ያስቸግራል እንጂ ዳገት ላይ አያጠፋም። ሁለቱን አታምታቱ።

መንገድ ላይ ጭራሽ አልነሳ ካለና የፓምፑ ድምፅ ከሌለ፣ ታንኩን ከሥር በጡጫ ወይም በጎማ መዶሻ መታ መታ እያደረጋችሁ ሞተሪኖ አስመቱ። በዚህ ከተነሳ የፓምፑ ሞተር ውስጡ አልቋል። ቤት ያደርሳችኋል፤ ግን ነገ አትመኑት።

ስለ ካርቡሬተር

ዲኤክስና መሰሎቹ ሞተሩ ላይ የተገጠመ ሜካኒካል ፓምፕ አላቸው፤ ግፊቱ ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ ገደማ ቢሆን ነው። የእነሱ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። ከባቲ ተነስቶ ዳገት ሲወጣ፣ ወይም ሞቆ ቆሞ ሲነሳ፣ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ይፈላል። ከፍታ ስትጨምሩ ደግሞ ቤንዚን በቀላሉ ይፈላል። ፓምፑ እንፋሎት ሲያገኝ መግፋት አይችልም። ኮፈኑን ከፍታችሁ አሳርፉት፤ ፓምፑና ቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፣ ኢግኒሽኑን ሳታረጥቡ። ዘላቂው መፍትሔ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅ ነው።

ፓምፑ መቀየር ካለበት

ታንኩ ከመከፈቱ በፊት የክዳኑ ዙሪያ ያለው አቧራ በደንብ ይጠረግ፤ አለበለዚያ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ወንፊቱ አብሮ ይቀየር። አሮጌው ወንፊት በጭቃ ተለብዶ ከወጣ ታንኩ ሳይታጠብ አዲስ ፓምፕ አይግባ፤ ዕድሜው አጭር ይሆናል። ሶኬቱ ጠቁሮ ከነበረ አብሮ ይቀየር። የክዳኑ ጎማ ማሸጊያ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፤ አሮጌውን በግድ አትመልሱት።

ከሥራው በኋላ ያንኑ ዳገት ጌጁ እንደታሰረ አንድ ጊዜ ውጡና ቁጥሩን ጽፋችሁ ክሩስኮት ውስጥ አስቀምጡ። ለሚቀጥለው ጊዜ ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል። ከዚያ ጌጁን ፍቱ፤ ስትፈቱም መጀመሪያ ግፊቱን አውጡ። ታንኩን ሙሉ አድርጋችሁ መስኮቶቹን ዘግታችሁ ትንሽ ንዱ። የኋላ ወንበሩ አካባቢ ቤንዚን ከሸተተ ማሸጊያው አልተቀመጠም፤ ሰው ሳትጭኑ ተመልሳችሁ አስተካክሉት።